የበለስ ዘንግ ሥር እስኪይዝ፦ ከኮምቦልቻ ሙቀት እስከ ደሴ ብርድ

በቅዱሳት መጻሕፍት ከዛፎች ሁሉ አስቀድሞ በስሙ ተለይቶ የሚጠራው፣ አዳምና ሔዋን ዕራቁታቸውን መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ ቅጠሉን ሰፍተው ያገለደሙት፣ ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ጥፍጥፉን በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት ያዘዘው፣ ቤተ ክርስቲያንም በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ቀን መርገሙን የምታስበው፣ በእስልምናም ወገን የቁርኣን 95ኛው ሱራ በስሙ የተሰየመለት በለስ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋዶ በሚኖርበት በወሎ ምድር እንግዳ ስም አይደለም። ስሙ ይህን ያህል የታወቀ ይሁን እንጂ፣ ዘንጉን ከዘመድ ግቢ ቆርጦ አምጥቶ በራሱ ደጃፍ ለማጽደቅ የሞከረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚተርከው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ዘንጉ በተተከለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አቆጥቁጦ ቅጠል አወጣ፣ ቤተሰቡም ጸደቀልን ብሎ ተደሰተ፣ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ግን ቅጠሉ ጠውልጎ ተንጠለጠለ፣ ዘንጉም ሲነቀል ታችኛው ጫፉ ጠቁሮና በስብሶ ተገኘ የሚል ነው። ይህ ነገር ለምን እንደሚሆን፣ ይልቁንም እንደ ደሴ ባለ ብርዳም ከተማና እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ስፍራ በምን ዘዴ ሊወገድ እንደሚችል ማወቅ ለማንኛውም ባለ ግቢ የሚጠቅም ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት የተገባ ነው።

በመጀመሪያ የትኛው በለስ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የተክሉን ዓይነት ያልለየ ሰው አተካከሉንም ማሳቱ አይቀርም። በክረምት ማብቂያ በጎዳና ዳር እሾኹ ተጠርጎ የሚሸጠው በለስ ከአሜሪካ ምድር የመጣ የቁልቋል ወገን ሲሆን፣ በወፍራም ገላው ውስጥ ውኃ አጠራቅሞ የሚኖር በመሆኑ፣ ተቆርጦ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ በጥላ ሥር ከሰነበተ በኋላ በደረቅ አፈር ላይ ቢያርፍ እንኳ ሥር ለመስደድ አያስቸግርም። የመጽሐፍ ቅዱሱ በለስ ግን ከሾላ፣ ከዋርካ፣ ከባምባና ከችብሃ ጋር አንድ ነገድ የሆነ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ሰፊ ቅጠሉ በሦስት ወይም በአምስት የተከፈለ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በዘንጉ ውስጥ የቁልቋሉን ያህል ውኃ ስለማይዝ፣ የቁልቋሉን ሥርዓት ይዞ የበለሱን ዘንግ ሳምንት ሙሉ ሲያደርቅ የሰነበተ ሰው ተክሉን ገና ሳይተክለው ገድሎታል። ከሩቅ አገር የመጣ ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፌስታል ታስሮ መጓዝ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ለመሆኑ ዘሩን መዝራት ሳይቻል ቀርቶ ነውን በዘንግ የሚደከመው ብሎ የሚጠይቅ ሊኖር ይችላል። ከፍሬው ውስጥ የሚገኘው ደቃቅ ዘር፣ ቢበቅል እንኳ፣ እናቱን የሚመስል ዛፍ አይሆንም፤ ከሚበቅሉትም መካከል ግማሽ ያህሉ ለመብል የማይመች ፍሬ የሚያፈራ ወንዴ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ በየግቢው የሚተከለው የተለመደው የበለስ ዓይነት ፍሬውን የሚያበስለው ያለ ተራክቦ በመሆኑ፣ በውስጡ የሚታየው ዘር የሚመስለው ነገር ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው። ዘንግ ግን የእናቱ ገላ ክፋይ እንደ መሆኑ መጠን፣ ጣፋጩ ዛፍ ጣፋጭ፣ መራራውም መራራ ሆኖ ሳይለወጥ ይቀጥላል።

ይህም ጥበብ የትናንት አይደለም። በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ ከኢያሪኮ በስተ ሰሜን ጊልጋል በተባለው የጥንት ሰፈር ቍፋሮ የተገኙት የከሰሉ የበለስ ፍሬዎች ከ11,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው፣ ፍሬያማ ዘር የሌላቸው በመሆናቸውም በሰው እጅ ዘንግ እየተቆረጠ የተባዙ እንደሚመስሉ ተመራማሪዎች በ1998 ዓ.ም. አስታውቀዋል፤ ግምታቸው እውነት ከሆነ የበለስ ዘንግ መትከል ከስንዴና ከገብስ እርሻ እንኳ የሚቀድም ሙያ ነው። የእኛው አገር ባምባም ቢሆን ወደ ግብፅ በተወሰደ ጊዜ ፍሬውን የምታዳቅለው ደቃቅ ተርብ አብራው ስላልሰፈረች፣ በዚያ አገር ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ዘሩን ያቆየው የሰው እጅ የተከለው ዘንግ ነው። በአገራችንም በሰሜን በኩል፣ የትግራይ ገበሬዎች ወፋፍራም የችብሃ ቅርንጫፍ እየቆረጡ በመትከል ለከብት መኖ እንደሚያለሙት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተው ጽፈዋል። እንግዲህ ከግንድ ሥር ማውጣት በዚህ ነገድ ዘንድ የተለመደ ጸጋ ከሆነ፣ በየቤቱ የሚደርሰው ጥፋት ከዛፉ ባሕርይ የመጣ ሳይሆን ከተካዩ አያያዝ የመጣ መሆኑን መረዳት አያዳግትም።

የዘንጉ ምሥጢር ያለው በአንጓው ላይ ነው። በለስ ቅጠሉ ተገንጥሎ በወደቀበት አንጓ ሁሉ ሥር ሊሆን የተዘጋጀ ጽንስ በልጡ ሥር ተሸሽጎ ይኖራል፤ ይህም ጽንስ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር በአንድነት ባገኘ ጊዜ ልጡን ፈልቅቆ ይወጣል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ግን ሌሎቹ ሁለቱ ቢትረፈረፉም አይረቡትም። ዘንጉ ሥር እስኪያወጣ ድረስ የሚመገበው ባለፈው ወራት በግንዱ ውስጥ ያከማቸውን ምግብ ስለሆነ፣ ገና ቀለሙ ያልተለወጠ ለጋ ቀንበጥ ሲተከል ቶሎ ይበሰብሳል፤ እጅግ ያረጀ ወፍራም ግንድም ለመንቃት ይዘገያል። ስለዚህ የሚመረጠው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ውፍረቱ ከእርሳስ እስከ አውራ ጣት የሚደርስ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ ቢያንስ አራት አንጓ ያለው ጠንካራ እንጨት ነው። ታችኛው ጫፉ ከአንጓው ሥር ቀጥ ብሎ፣ ላይኛው ጫፉ ግን ከዓይኑ በላይ ተንጋዶ ቢቆረጥ፣ አንደኛ የዝናብ ውኃ አይቋጥርም፣ ሁለተኛም ተካዩ ግራ ተጋብቶ ዘንጉን ገልብጦ እንዳይተክል ምልክት ይሆነዋል፤ ሥር የሚጠራው የተክሉ ቅመም ከዓይኑ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ፣ ተገልብጦ የተተከለ ዘንግ ብዙ ጊዜ ከንቱ ይቀራልና።

በምን ወር ይቆረጥ የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። ብርድ በበዛባቸው አገሮች ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ፈጽሞ የሚያንቀላፋበት ወራት ስላለ የመቁረጫው ጊዜ ግልጽ ነው። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን ዕረፍቱ ያን ያህል የጠለቀ ባይሆንም፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የደረቅ ብርድ ወራት የዛፉ እድገት ስለሚቀዘቅዝ፣ ዓይኖቹ ማበጥ ከመጀመራቸው በፊት፣ ይኸውም ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መግቢያ ባለው ጊዜ መቁረጥ የተሻለ ነው። በደቡብ ወሎ ደግሞ ከክረምቱ አስቀድሞ የበልግ ዝናብ የሚጥል ስለሆነ፣ በጥር የተቆረጠ ዘንግ በበልጉ እርጥበትና እየጨመረ በሚሄደው ሙቀት ተረድቶ ሥሩን ካጠናከረ በኋላ ክረምቱን ለመቀበል በቂ ጊዜ ያገኛል። በሐምሌ ዝናብ ለምለም ቅርንጫፍ ቆርጦ በግቢ ጭቃ ውስጥ መሰካት ግን፣ ለባሕር ዛፍ ችግኝ የለመድነው ወቅት ስለሆነ ብቻ የሚደረግ ስሕተት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ዘንግ የሚያጠፋው የውኃ ብዛት ነው። ተካዩ በየማለዳውና በየማታው ጣሳ ሙሉ ውኃ የሚያፈስስለት ከደግነት የተነሣ ቢሆንም፣ አየር የነበረበት የአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ በውኃ ከተሞላ የተቆረጠው ጫፍ መተንፈስ ተስኖት ብስባሴ ይገባበታል፤ ሥር ያላወጣ ዘንግ ደግሞ ውኃ የሚጠጣበት አፍ ስለሌለው የተጨመረለት ሁሉ ትርፍ ነው። በግቢያችን የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ውኃ ሲነካው የሚለጠፍና የሚቋጥር በመሆኑ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይመችም። ሁለት እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋና አንድ እጅ በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ተቀላቅሎ፣ ሥሩ በተበሳ ዕቃ ውስጥ ቢደረግ መልካም ነው፤ ያልበሰለ እበትና ትኩስ ፍግ ግን የሚያቃጥልና ሻጋታ የሚጠራ ስለሆነ በዚህ ደረጃ አይገባም። የእርጥበቱ ልክ የሚታወቀው አፈሩን በእፍኝ ጨብጦ በመመልከት ነው፤ ተያይዞ ከቆመና በጣት መካከል ውኃ ካልተንጠባጠበ በቂ ነው፣ ከተንጠባጠበ ግን ከመጠን ያለፈ ነው። ከዘንጉ ርዝመት ከሁለት እጅ ያላነሰው፣ ቢያንስ ሁለት አንጓዎቹ፣ ወደ አፈሩ ገብቶ ላይኛው ዓይን ብቻ ከውጭ ቢቀር፣ ነፋስ የሚያደርቀው ገላ ያንሳል፤ ሥር የሚወጣበትም ቦታ ይበዛል።

ዕቃውን በተመለከተ የሁለት ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ ሥሩን በስቶ መጠቀም ከማንኛውም ማሰሮ ይሻላል። ጠርሙሱ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ በጥቁር ጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠቀለላል፤ ተካዩም በየሳምንቱ ሽፋኑን ገልጦ ነጩ ሥር ከጎን መታየቱን ሊመረምር ይችላል። ዘንጉን እየነቀሉ ሥር አወጣ አላወጣ ብሎ መመልከት ብዙዎች የሚያደርጉት ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ሥር በነካ እጅ የሚሰበር እጅግ ለስላሳ ነገር ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ መንቀል የሦስት ሳምንት ሥራ ማፍረስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ከሁሉ ይልቅ ተካዩን የሚያታልለው ነው። የዘንጉ ዓይን የሚነቃው በአየሩ ሙቀት ሲሆን፣ ሥሩ የሚነቃው ግን በአፈሩ ሙቀት ነው፤ አየሩ በቀን ፀሐይ ሞቆ አፈሩ ግን እንደ ቀዘቀዘ የቀረ እንደ ሆነ፣ ቅጠሉ ሥሩን ቀድሞ ይወጣል። ይህ ቅጠል የተገኘው በግንዱ ውስጥ ከተከማቸው ምግብ ብቻ ስለሆነ፣ ዘንጉ ገና ተራራውን ሳይጀምር ስንቁን በሜዳው ላይ በልቶ እንደ ጨረሰ መንገደኛ ይሆናል። ሰፊው ቅጠል በበኩሉ ውኃ በላብ መልክ እያወጣ ስለሚበትን፣ የሚተካለት ሥር ከሌለ መጠውለጉ አይቀርም፤ ተካዩም መጠውለጉን አይቶ ውኃ ይጨምራል፣ ውኃውም ብስባሴውን ያፋጥናል፣ ሞቱም በዚሁ ይፈጸማል። ስለዚህ ቅጠል የሥር ምስክር አይደለም። ሥር ሳይታይ ሦስትና አራት ቅጠል ያወጣ ዘንግ ቢኖር፣ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መቀንጠስ፣ ውኃውን ሳይጨምሩ በዙሪያው ያለውን አየር ማርጠብ፣ ወደ ጥላም ማዛወር ይገባል።

እዚህ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት ዋነኛ ጉዳይ ይሆናል። ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ የተራራቁ ቢሆኑም፣ ኮምቦልቻ ካለችበት ከቦርከና ሸለቆ ተነሥቶ በሀረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደሴ የሚወጣው ሰው ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ስለሚወጣ፣ አየሩ በአራት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዝበታል። የበለስ ዘንግ ቶሎ ሥር የሚሰደው አፈሩ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን በመሆኑ፣ በዚህ ልክ በሦስት ወይም በአምስት ሳምንት የሚወጣው ሥር፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት በደሴ የጥር ብርድ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ፣ በዚህም መካከል ብስባሴ ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ ደሴ ላይ የሚተክል ሰው ዕቃውን በውጭ በመደብ ላይ ከማሳደር ይልቅ በማድ ቤት ውስጥ፣ እንጀራ ሲጋገር በሚሞቀው ግድግዳ አጠገብ፣ እሳት በማይነካውና ጢስ በማያፍነው ቦታ ከፍ አድርጎ ቢያኖረው፣ ከሥሩም የእንጨት ወይም የጭድ ምንጣፍ ቢያደርግለት የሲሚንቶው ብርድ አያገኘውም። ኮምቦልቻ ላይ ግን ችግሩ ብርዱ ሳይሆን ፀሐዩ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ የተተወ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፈሩን አግሎ ጽንሱን ስለሚያቃጥል፣ በዛፍ ወይም በዳስ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ግድ ነው።

አየሩን ለማርጠብ በዘንጉ ላይ ፌስታል መድፋት የተለመደ ዘዴ ሲሆን፣ ጥቅሙ ባይካድም በቀን አንድ ጊዜ ካልተገለጠና ጥቃቅን ቀዳዳ ካልተበጀለት ሻጋታን ያፋፋል። በልጡ ላይ ነጭ ሻጋታ ሲታይ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ አየር መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ልጡ ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ሽታውም የሚከረፋ ከሆነ ግን ያ ዘንግ ሞቷል፤ ሕመሙ ወደ ሌሎቹ ሳይተላለፍ መጣል አለበት። በገበያ የሚገኘው ሥር አብቃይ ዱቄት ለበለስ አስፈላጊ አይደለም፤ ሙቀትና አየር በጎደለበት ስፍራም ጉድለቱን አይሞላም።

ሥር የያዘው ሁሉ ዛፍ ይሆናል ማለትም አይደለም፤ ከማድ ቤት ጥግ ወደ ግቢ በሚወጣበት ሳምንት የሚሞተው ጥቂት አይደለምና። በእርጥብና በተሸፈነ አየር ውስጥ የወጣ ቅጠል ልጡ ስስ ስለሆነ የደሴን ነፋስ በአንድ ቀን አይችለውም። በመጀመሪያ ሽፋኑን በከፊል፣ ቀጥሎ በሙሉ ማንሣት፣ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት ሰዓት በጥላ፣ በኋላም በማለዳ ፀሐይ እያወጡ ማለማመድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ወደ መሬት የሚዛወረው ዝናቡ በወጉ ከያዘ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መግቢያ ሲሆን፣ ጉድጓዱ ውኃ የማይቋጥርበት ተዳፋት ወይም ከፍ ያለ መደብ መሆን አለበት፤ የነሐሴ ዶፍ በመረሬ አፈር ላይ ሲያርፍ ከወራት ድካም በኋላ የተገኘውን ሥር በሳምንት ውስጥ አንቆ ይገድለዋልና። በደሴ ደግሞ የጦሳ ተራራ በስተ ምዕራብ ስለሚቆም፣ በግርጌው ያሉት ሰፈሮች የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ቀድመው ያጣሉ፤ ፀሐይ ያላገኘ በለስ ቢለመልምም ፍሬውን ማብሰል ይሳነዋል፤ ስለዚህ የጠዋቱን ፀሐይ የሚቀበልና ሙቀት የሚያቆይ የድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ይመረጣል። ፍየልና በግም ለጋ ቅጠሉን ከመብላት ስለማይመለሱ አጥር ከመትከሉ በፊት ሊታሰብ ይገባዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ቀርተዋል። አንደኛው ስለ እናቲቱ ዛፍ ነው፤ ቅጠሏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብና ዝንጉርጉር የሚታይባት ዛፍ የዝንጉርጉር ቫይረስ ያለባት ልትሆን ስለምትችል፣ ዘንጓ ሲተከል ሕመሟም አብሮ ይተከላል። ሁለተኛው ስለ ሰው ገላ ነው፤ የበለስ ወተት ቆዳን የሚቆጠቁጥ ከመሆኑም በላይ፣ ወተቱ የነካው እጅ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በጓንት መቁረጥ፣ ወዲያውም በሳሙና መታጠብ፣ ሕፃናትንም ማራቅ ይገባል።

ዛፉ በራሱ ወይም በጎረቤቱ ግቢ ለሚገኝ ሰው ከዘንግም የሚቀል መንገድ አለ። በመሬት አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ ከእናቱ ሳይለዩ አጎንብሶ፣ በመካከሉ ያለውን አንጓ ልጡን በመጠኑ ፍቆ አፈር ውስጥ መቅበርና በድንጋይ መጫን ነው። ቅርንጫፉ ሥር እስኪያወጣ ድረስ እናቱ ስለምትመግበው፣ ቅጠል ቢያወጣም አይራብም፤ ሥር ሲጠነክር ከእናቱ ተቆርጦ ይወሰዳል። ዘንግ የሚያስፈልገው ይህ ለማይቻለውና ተክሉን ከሩቅ ለሚያመጣው ነው።

በሉቃስ ወንጌል በተጻፈው ምሳሌ ፍሬ ያላፈራችውን በለስ ጌታዋ ትቆረጥ ባለ ጊዜ፣ የአትክልት ጠባቂው ዙሪያዋን ኮትኩቼ ፋንድያ እስካፈስስባት ድረስ አንድ ዓመት ትቆየኝ ሲል ለምኖላታል፤ ለበለስ የሚያስፈልገው ምልጃ እስከ ዛሬም ትዕግሥት ነው። በደሴ የምትኖሩ፣ ይህን ዛፍ በግቢያችሁ ማየት የምትሹ ሁሉ፣ አንድ ዘንግ ብቻ ተክላችሁ ዕጣ ፈንታውን ከምትጠባበቁ፣ በመጪው ጥር ከአንድ ጤነኛ ዛፍ አምስት ወይም ስድስት ዘንግ ቁረጡ፤ ከእነርሱም ግማሹን ኮምቦልቻ ለሚኖር ዘመዳችሁ ስደዱና በዚያ ሙቀት ሥር ይያዝላችሁ፤ በሰኔም የጸደቀውን በሀረጎ በኩል አውጡትና በፀሐያማ ግድግዳ አጠገብ ትከሉት። የሁለቱ ከተሞች ቅርበት ለዚህ ሥራ የተሰጠ ዕድል ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ፍሬ ሊሰጥ የሚችል ዛፍ ለማግኘት የሚጠይቀውም ወጪ ከአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስና ከጥቂት እፍኝ አሸዋ አይበልጥም።